የብረት ድልድይ ቀለም ዋጋና የሠራተኛው ድካም

የሰው ልጅ ብረትን ከማዕድኑ በእሳት ኃይል ለይቶ ካወጣ ወዲህ ገደል ከገደል ተገናኝቷል፤ ሙላት ወንዝ በደረቅ እግር ተሻግሯል። ይሁን እንጂ ከማዕድኑ በግድ የተለየው ብረት ውሃና አየር በአንድነት ባገኙት ቁጥር ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ይመለሳል። ይህን መመለስ ዝገት እንለዋለን። ቀለም ለዓይን ጌጥ ቢመስልም፣ በብረት ድልድይ ላይ ዋነኛ ተግባሩ ውሃንና አየርን ከብረቱ መከልከል ነው።

የመዘዞ ነዋሪ ለዚህ የሩቅ ምስክር አያሻውም። ከጣርማ በር አፋፍ የሚነሣው ጉም ደጋውን ሲያለብሰው፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ ልባሱ በተጫረበትና ምስማር በበሳው በኩል መዛግ እንደሚጀምር ያውቃል። በጊዜው የተደፈነች ቀዳዳ የምትጠይቀው ጥቂት ነው፤ የተረሳች ግን ክዳኑን በሙሉ ታስለውጣለች። ይኸው ሕግ በታላላቅ ድልድዮችም ላይ ይሠራል።

ለመሆኑ አንድን ታላቅ የብረት ድልድይ መቀባት ምን ያህል ያስወጣል? በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተው የፎርዝ የባቡር ድልድይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ50,000 ቶን በላይ ብረት የገባበት ይህ ድልድይ፣ ቀቢዎቹ ከአንዱ ጫፍ ተነሥተው ሌላው ጫፍ ሲደርሱ እንደገና ይጀምሩታል እየተባለ ማለቂያ ለሌለው ሥራ መተረቻ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 በተካሄደው እድሳት ግን የቆየው ቀለም እስከ ብረቱ ተገፎ በሦስት ድርብ አዲስ ቀለም ተተካ። 230,000 ሜትር ካሬ ያህል ተቀባ፤ 240,000 ሊትር ያህል ቀለም ገባ፤ ጠቅላላው እድሳት 130 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ፈጀ። አዲሱ ልባስ ከ20 ዓመት በላይ እንዲያገለግል የታቀደ ነው።

እስቲ አኃዙን እናስላው። ለአንድ ሜትር ካሬ የገባው ቀለም አንድ ሊትር ገደማ ሲሆን የወጣው ገንዘብ ከ560 ፓውንድ በላይ ነው። በዚህ ውስጥ የተበላ ብረት መጠገኛም አለበት። ቢሆንም የሒሳቡ ምሥጢር ከቀለም ጣሳው ውጭ መሆኑ ግልጽ ነው፤ መወጣጫ መትከል፣ ዝገቱን በግፊት መጥረግ፣ አቧራው እንዳይበተን መሸፈን፣ ባቡሩ እየተመላለሰ መሥራት። በአጭር አነጋገር ወጪው በአብዛኛው የሰው ጉልበትና ጥንቃቄ ነው። ስለሆነም በዝገት ላይ ርካሽ ቀለም መለቅለቅ ቁጠባ መስሎ የሚታይ ብክነት ነው። ዝገቱ ከሥር እያበጠ ቀለሙን ይፈነቅለዋል፤ ውዱ መወጣጫም ያለ ጊዜው ዳግመኛ ይተከላል።

በሒሳብ መዝገብ ላይ ዘወትር የማይታይ ሌላ ዋጋም አለ። ብረትን ከዝገት ለመከላከል ለረጅም ዘመን ያገለገለው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ነበረበት። አሮጌው ቀለም ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባል፤ በልብሱም ተሸክሞት ወደ ልጆቹ ይደርሳል። እርሳስ ነርቭንና ደምን ይጎዳል፤ የሕፃናትን አእምሮ ደግሞ ይበልጥ ያጠቃል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ለሚገኝ እርሳስ ወሰን አበጅታለች። ዳሩ ግን አዲስ ቀለምን የሚመለከት ወሰን፣ ቀድሞ የተቀባውን የሚፍቀውን ሠራተኛ በራሱ አያድነውም። የመተንፈሻ ጭምብል፣ የሥራ ልብስና የመታጠቢያ ውሃ ከቀለሙ ጋር አብረው በዋጋ ዝርዝሩ መግባት ይገባቸዋል።

በእኛ አገር ታላላቆቹ የመንገድ ድልድዮች በአብዛኛው የድንጋይና የኮንክሪት ሥራ ናቸው። ሆኖም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር የአዋሽን ገደል የተሻገረው በብረት ድልድይ ነበር። ቤይሊ የሚባሉት ተገጣጣሚ የብረት ድልድዮችም በየክፍለ አገሩ ወንዝ አሻግረዋል። የመንገድ ጥገና ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚል ደግሞ፣ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ዋነኛ ምንጭ እንዲሆን የታሰበው ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ቀረጥ ነው። ከመዘዞ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የሚሄድ ገበሬ በትኬቱ ውስጥ ለጥገናው ከፋይ ነበር ማለት ነው።

የሚከፍል ሕዝብ የመጠየቅ መብት አለው። የድልድይም ይሁን የትምህርት ቤት ክዳን ቀለም ሲቀርብላችሁ የጣሳውን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ዝገቱ እንዴት ይጠረጋል? ልባሱ ስንት ዓመት ይቆያል? የሚፍቀው ሠራተኛ በምን ተጠብቋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ርካሽ ዋጋ፣ ቀሪው ዕዳ ለነገና ለሠራተኛው ጤና የተላለፈበት ሒሳብ ነው።