ከገና እስከ ጥምቀት፦ ክምርንና ቤትን ከእሳት መጠበቅ

በበዓል ሰሞን ስለሚነሣ እሳት ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የመስቀል ደመራ ነው። በደብረ ኤልያስ ግን መስከረም 17 ቀን ምድሩም የሣር ክዳኑም ገና የክረምቱን እርጥበት አልለቀቁም። እኛ ይበልጥ የምንሠጋው ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ቀን ላለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ክዳኑ ደርቋል (ቤቱ ቆርቆሮ ቢሆን እንኳ ማድ ቤቱ የሣር ሊሆን ይችላል)፤ ያልተወቃው ስንዴና ጤፍ ተከምሯል፤ ለድግሱም ሌሊት ጭምር እሳት ይነዳል።

ከሁሉ የሚዘነጋው አመድ ነው። ከላይ የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ከሥሩ ረመጥ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት ተጠርጎ ጓሮ ሲደፋ ነፋስ ይገልጠውና ፍሙን ወደ ገለባው ይወስደዋል። ስለዚህ አመዱ ጉድጓድ ውስጥ ተደፍቶ ውኃ ይፍሰስበት ወይም አፈር ይልበስ። አረቄ ሲወጣም ከማሰሮውና ከሸምበቆው መጋጠሚያ የሚያመልጠው እንፋሎት ራሱ ተቀጣጣይ ስለሆነ መጋጠሚያው በሚገባ ይመረግ።

ክምር ከማድ ቤት ርቆ፣ በነፋስ መምጫ ወገን ይሠራ። የብዙ አባወራ ክምር በአንድ አውድማ ተጠጋግቶ መቆሙ ለውቂያ ይመቻል፤ ነገር ግን አንዱ ሲያያዝ የሁሉም የዓመት ቀለብና ዘር አብሮ ይሄዳል። በክምሮቹ መካከል ሣሩ ተልጦ መሬቱ ይጋለጥ፤ ለበዓሉ ሰሞን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተራ ጠባቂ ይመድብ፤ ውኃ የተሞላ በርሜልም በአውድማው ዳር ይቀመጥ።