በአንኮበር መንገድ የመጣ ፈረንሳዊ አያት በአገሩ መዝገብ እንዴት ይፈለጋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ሸዋ ሮቢት ካለችበት የቆላ ሜዳ ይደርሳል። ዛሬ የይፋት ቆላ ሰውና ዕቃ የሚተላለፍበት ዋና መንገድ ይህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ሸዋ ወደ ባሕር የሚወጣበት በር ሌላ ነበር፤ ይኸውም ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ ካቋረጠ በኋላ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ጠመንጃና ጨርቅ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስና ቡና፥ የሚያሳዝነውም ነገር ባሪያ ጭምር ይወጣ ነበር።

ፈረንሳውያንም የመጡት በዚሁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንሰጣቸው ዓመቶች፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሮሼ ዴሪኩር በ1839 መጥቶ፥ ኋላም ተመልሶ በ1843 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የፈረንሳይን ውል ተዋዋለ። ፖል ሶሌዬ በ1882 አንኮበር ገባ። ፒየር ላባቱ የተባለው ነጋዴ በሸዋ ቤት ሠርቶ፥ የአገሩን ሴት አግብቶ ኖረ። ባለቅኔው አርቱር ራምቦም የላባቱ የንግድ ባልንጀራ ሆኖ፥ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ።

እንግዲህ በሸዋና በይፋት «ቅድመ አያታችን ፈረንሳዊ ነበር» የሚል ቤተ ሰብ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጨዋታ ማሳመሪያም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው መዝገብ ነው፤ ወደ መዝገቡ የሚያደርሰው መንገድ ግን የሚጀምረው ከፈረንሳይ ሳይሆን ከዚሁ ከይፋት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በፈረንሳይ አገር የሕዝቡ ሁሉ ስም ተሰብስቦ የተጻፈበት አንድ ታላቅ መጽሐፍ የለም። መዝገቡ የሚያዘው በየኮሚዩኑ፥ ማለት በየከተማውና በየመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ የኮሚዩኖቹም ቍጥር ከ30 ሺህ በላይ ነው። ስለዚህ የትውልድ ቦታውን ሳያውቅ ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው በአዝመራ ሜዳ ውስጥ አንዲት የጤፍ ፍሬ እንደሚፈልግ ነው። ከዚህም የከፋ ስሕተት አለ፤ ስሙ የሚመሳሰል አንድ ሰው በማውጫ ላይ ሲያገኙ ደስ ብሏቸው የማያውቁትን ባዕድ አያት ያደረጉ ብዙዎች ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ አስቀድመህ ወደ ሽማግሎችና ወደ አሮጊቶች ሂድ። እስከ ሰባት ቤት መቍጠር በአገራችን የታወቀ ዕውቀት ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን በየዓመቱ እያለፉ ነው። በይፋት ክርስቲያኑንም እስላሙንም፥ ዐማራውንም አርጎባውንም ጠይቅ፤ በሲራራው መንገድ ላይ ነጋዴውን ያሳደረ፥ ግመሉን የጫነ፥ ያስተረጐመለትም ሁሉም ነውና። የምትጠይቀውም ስሙን ብቻ አይሁን፤ ሥራው ምን ነበር? ከማን ጋር መጣ? የት ሞተ፥ ወይስ ተመልሶ ሄደ? ስለ አገሩ የሚናገረው ባሕር ነበርን ወይስ ተራራ?

ስምን በተመለከተ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው «ሙሴ» የሚለው ቃል ነው። አባቶቻችን ፈረንጁን «ሙሴ እገሌ» ይሉት ነበር፤ ቃሉም «ሞስዮ» ከሚለው የፈረንሳይኛ የአክብሮት መጥሪያ የመጣ ነው። ስለዚህ በዘር ቈጠራህ ውስጥ ሙሴ የሚል አያት ቢገኝ፥ ነቢዩ ይሁን ሞስዮው መርምር። ሁለተኛው፥ በእኛ ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ የግል ስም ስለ ሆነ የፈረንሳዊው የቤተ ሰብ ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጠፋል፤ ፒየር የተባለውም ጴጥሮስ ተብሎ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛው የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው፤ ላባቱ የሚለው ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ «ት» አለበት፥ ራምቦ የሚለውም በማይነበብ «ድ» ያልቃል። ስለዚህ የሰማኸውን ስም በልዩ ልዩ አጻጻፍ እየለዋወጥህ ፈልግ።

ዘመኑንም አስተካክል። ራምቦ አንኮበር የገባበት 1887 በእኛ 1879 ዓመተ ምሕረት ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የተሳሳተ መዝገብ ያስገልጣል።

ቦታውን ካገኘህ በኋላ ግን ሥራው እጅግ ይቀላል። ፈረንሳይ ከ1790 ጀምሮ ዴፓርትማን በሚባሉ ግዛቶች ተከፍላለች፤ እያንዳንዱም የራሱ ቤተ መዛግብት አለው። ቄሶች የጥምቀትን መዝገብ እንዲይዙ በ1539 በንጉሥ ትእዛዝ ተደነገገ፤ ከ1792 ወዲህ ደግሞ ልደት፥ ጋብቻና ሞት በማዘጋጃ ቤት በሁለት ቅጂ ይጻፋሉ፤ በየአሥር ዓመቱም በፊደል ተራ ማውጫ ተዘጋጅቶላቸዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ቤተ መዛግብት የገጾቹን ሥዕል በኢንተርኔት ስላወጡ ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል። 75 ዓመት ያልሞላው የልደትና የጋብቻ መዝገብ ግን ለማንም የሚከፈት አይደለም።

ራምቦን ምሳሌ እናድርግ። የተወለደው በኦክቶበር 20 ቀን 1854 ሻርልቪል በምትባል ከተማ ነው፤ ስለዚህ ልደቱ በአርዴን ዴፓርትማን ይገኛል። ከተማዋ በ1966 ከጎረቤትዋ ከሜዝዬር ጋር ስለ ተዋሐደች ዛሬ የምትጠራው በሁለቱ ስም ነው፤ ይህን የማያውቅ ይሳሳታል። የሞተው ደግሞ በኖቬምበር 10 ቀን 1891 ማርሴይ ላይ ስለ ሆነ ሞቱ የተጻፈው በሌላ ዴፓርትማን ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የምመክረው የወታደር መዝገብ ነው። ከ1867 ወዲህ ለአቅመ ውትድርና የደረሰ ወንድ ሁሉ ይጻፍበታል፤ ቁመቱ፥ የዓይኑና የጠጕሩ መልክ፥ የወላጆቹ ስም፥ አልፎ አልፎም በውጭ አገር የተቀመጠበት ስፍራ ይገኝበታል። በቆንስሎች ፊት የተጻፉ የልደት፥ የጋብቻና የሞት ወረቀቶችን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከ1965 ጀምሮ በናንት ከተማ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር ይገባል። ሰውዬውን ማግኘትና ከእርሱ መወለድን ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። ብዙው ትዳር በደመወዝ ጋብቻ የተፈጸመ እንጂ በቆንስል ፊት የተጻፈ አልነበረም፤ አባቱ በፈረንሳይ ሕግ ያልተቀበለው ልጅም በዚያ መዝገብ ውስጥ አይገኝም። መዝገቡም ራሱ ይጠፋል፤ ከ1860 በፊት የነበረው የፓሪስ መዝገብ በሜይ 1871 በተነሣው ሁከት ሁለቱም ቅጂ ተቃጥሎ፥ መልሶ ሊጻፍ የተቻለው ሲሶው ያህል ብቻ ነው።

በሸዋም እንዲሁ ሆኗል። ላባቱ ጠመንጃው ሳይደርስ በ1886 ሞተ፤ ራምቦ ሸዋ ሲገባ ባለዕዳዎችም መበለቲቱም ገንዘብ ጠየቁት። በኖቬምበር 1887 በዓደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ፥ ሟቹ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈባቸውን 34 ደብተሮች በመበለቲቱ ቤት አግኝቶ፥ እርስዋ እየረገመችው እንዳቃጠላቸው ይናገራል፤ የንብረት ወረቀቶችም በመካከላቸው እንደ ነበሩ ኋላ ሰምቷል። የላባቱ ወገን ነኝ የሚል ሰው ቢኖር ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ ይጠቅመው የነበረው ያ ደብተር ነበር። ይሁን እንጂ የመበለቲቱ ነገር እስከ ዛሬ የታወቀው ስለ ገንዘቡ በተነሣው ክርክር ነው፤ ሰላማዊ ትዳር ወረቀት አይተውም፥ ሙግት ግን ይተዋል። ስለዚህ በልደት መዝገብ ያላገኘኸውን በቆንስሉ የዕዳና የውርስ ፋይል ውስጥ ፈልገው።