ዱላ ስለ መያዝና በባዶ እጅ ራስን ስለ መከላከል

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ቍልቍለት ወርዶ ወደ ዛሪማ የሚሄድ መንገደኛ፤ ገበሬም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፤ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን በላዩ ጥሎ ሲጓዝ ይታያል። ምንም እንኳ በጣሊያን ወረራ ዘመን፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፤ በዚያ ገደል ላይ የመኪና መንገድ የተሠራ ቢሆን፤ ወደ መንደሩና ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ የእግር መንገድ ስለ ሆነ ዱላ ከሰው ትከሻ አልወረደም። ዱላ ለመንገደኛ ምርኩዝ ነው፤ ለእረኛ ከብት መንጃ ነው፤ በክፉ ቀንም መሣሪያ ይሆናል። ዳሩ ግን ዱላ የያዘ ሰው ባዶ እጁን ከሆነው ሰው ይልቅ ሁልጊዜ ይድናልን? ይህን ሳይመረምር በዱላው ብቻ ተማምኖ ከቤቱ የወጣ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ራሱንም ቤተ ዘመዱንም ወደ መከራ አግብቷል።

በጥንት ዘመን የሀገራችን ተዋጊ ጦርና ጋሻ፤ ጎራዴ ወይም ሾተል ይይዝ ነበር። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ነው። ሾተል ደግሞ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ይህም የሆነበት ምክንያት ስለቱ በባላጋራው ጋሻ ዙሪያ ዞሮ እንዲደርስ ነው። ጋሻ በግራ እጅ ስለሚያዝ ሰይፉን በቀኝ ጎን መታጠቅ የተለመደ ነበር። ይህ ሁሉ ትምህርት ይፈልግ ነበርና ወጣቶች በፈረስ ላይ ሆነው በጉግስ ጨዋታ ዘንግ መወርወርንና በጋሻ መመከትን ይለማመዱ ነበር። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ብዙው ሰው ጠመንጃ ይዞ ቢዋጋም ጦርና ጎራዴ ጋሻም አልቀሩም ነበር። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ እየበዛ ሲሄድ ጋሻው ከግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ጦሩም ተረሳ፤ ዱላ ግን ቀረ።

ዱላም ዓይነቱ ብዙ ነው። ጫፉ የጎበጠው ከዘራ ነው፤ ከታች ብረት የተደረገበት አንካሴ ይባላል፤ አጭሩና ወፍራሙ ቆመጥ ነው፤ ረጅሙና ቀጥ ያለው ሽመል ነው። ለጥንካሬ የሚመረጠው የወይራ እንጨት ነው፤ በእሳት እያሞቁ ያቃኑታል፤ እንዳይሰነጠቅም ቅቤ ይቀቡታል። የዱላ ጥቅሙ በርዝመቱ ላይ ነው። ባለ ዱላው ባላጋራውን ሦስት ክንድ ያህል ሊያርቀው ይችላል፤ በዚህም ርቀት ውስጥ ለማሰብም ለመሸሽም ጊዜ ያገኛል። ነገር ግን ባላጋራው ያንን ርቀት ዘልሎ ከደረቱ ከደረሰ ዱላው ለመወዛወዝ ስፍራ ያጣል። በጠባብ ደጃፍና በጎጆ ውስጥም ረጅም ዱላ ከግድግዳው ጋራ ይጣላል እንጂ ከሰው ጋራ አይጣላም። ከዚህም የሚከፋው ዱላው በባላጋራው እጅ የወደቀ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውየው ለጠላቱ መሣሪያ ተሸክሞ እንዳመጣለት ይቆጠራል።

በባዶ እጅ መከላከልም የራሱ ጥበብ አለው። በየመንደሩ ልጆች የሚጫወቱት ትግል ሚዛንን መጠበቅና ሳይጐዱ መውደቅን ያስተምራል። በጃፓን ሀገር ጂጎሮ ካኖ የተባለው መምህር በ1882 እ.ኤ.አ. ጁዶ የሚባለውን የትግል ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ካራቴ የሚለው ስምም በጃፓን ቋንቋ ባዶ እጅ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ካራቴ በተወለደባት በኦኪናዋ ደሴት የዱላ ጥበብም አብሮ ይማሩ ነበርና አንደኛው ሁለተኛውን አያስንቅም። ከጥበቡ ሁሉ አንዱ ለማንም ቀላል ነው፤ ይኸውም አንጓውን በአንድ እጅ የተያዘ ሰው እጁን ወደ ያዡ አውራ ጣት በኩል ጠምዝዞ ቢስብ ይለቀቃል፤ አውራ ጣት ብቻውን ከአራቱ ጣቶች ይልቅ ደካማ ነውና። በጡጫ ራስ ቅልን መምታት ግን የመቺውን የእጅ አጥንት ይሰብራል።

ዱላ ያለ ክርክር የሚያስመሰግነው በአውሬና በውሻ ፊት ነው። ውሻ ሲመጣ ልጅ መሮጥ የለበትም፤ ሩጫ ውሻውን ይጠራዋል። ፊቱን ወደ ውሻው አድርጎ፤ ዱላውን በመካከል ዘርግቶ፤ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሂድ። ከተነከሰም ቍስሉን በውሃና በሳሙና እስከ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን ከቶ የለም ለማለት ይቻላልና።

ከሰው ጋራ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሱሪዎች ዘንድ ዶንጋ የሚባል የዱላ ግጥሚያ አለ፤ ነገር ግን ዳኛ አለው፤ ተጋጣሚን መግደልም ክልክል ነው። በገበያና በጠላ ቤት ጠብ ግን ዳኛ የለም። አንዱ ዱላ ቢያነሣ ሌላው ድንጋይ ያነሣል፤ ሦስተኛው ወደ ቤቱ ጠመንጃ ሊያመጣ ይሮጣል። ባዶ እጃቸውን ቢሆኑ ኖሮ ተናንቀው ተገላግለው ይለያዩ ነበር። አስተዋይ የሰርግ ባለቤት የእንግዶቹን ዱላ በደጅ ተቀብሎ ቢያስቀምጥ ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይመዝናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ከሕገ ወጥ ጥቃት ያዳነ ሰው እንደማይቀጣ ይናገራል፤ ነገር ግን ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከመጠን ማለፍ የለበትም። መጠኑን ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ ለመሸሽ መንገድ የነበረው፤ ወይም ጡጫ የሰነዘረበትን ባዶ እጅ ሰው በወይራ ዱላ ራሱን የመታ፤ ተከላከልሁ ቢል ነገሩ ይከብድበታል።

ራስ የተባለው ስፍራ በተለይ መታወቅ አለበት። በዱላ ራሱን የተመታ ሰው ወድቆ ይነሣና ደኅና ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ይሆናል። ነገር ግን በራስ ቅሉ ውስጥ የተቆረጠው የደም ሥር ቀስ በቀስ ደም ያፈሳል፤ የሚፈሰውም ደም መውጫ ስለሌለው አንጎሉን ይጫነዋል፤ ሰውየውም ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደ ተኛ ይሞታል። ደጋግሞ ካስመለሰው፤ እንቅልፍ ከከበደው፤ ንግግሩ ከተምታታ ወይም የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ሌሊትም ቢሆን ተሸክሞ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ማታ የታረቁ የሚመስሉ ሁለት ቤቶች ጧት በደም የሚፈላለጉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ሞት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሎች ቢቀመጡም ጕማውን ተቀብሎ ለመታረቅ የሟቹ ወንድሞች ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ የመቺው ልጆችም በዚያ መንደር በኩል ወደ ትምህርት ቤት ማለፍ ይፈራሉ።