ስለ ወስፋት

ሰው ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። ወስፋት ግን አይጮኽም። ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሳይ ስለሚቀመጥ፥ ልጆች በሆዳቸው እንዳለ ሳያውቁ ይኖራሉ።

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ይተከላል። የእንሰት ቅጠል ሰፊ ነውና ከሥሩ ያለው አፈር ጥላና እርጥበት አይለየውም። በወስፋት የተያዘ ሰው በዚያ ቢጸዳዳ፥ የትሉ እንቍላል በአፈሩ ይቀራል። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቍላል ትጥላለች። በአፈር የተጫወተ ልጅም እጁን ሳይታጠብ ቆጮ ቢበላ እንቍላሉን አብሮ ይውጣል።

እንቍላሉ በአንጀት ይፈለፈላል። እጩም አንጀትን በስቶ ወደ ደም ይገባል፤ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከሳንባም በጕሮሮ ወጥቶ፥ ዳግመኛ ተውጦ፥ ወደ አንጀት ይመለሳል። በዚያ አድጎ ከእርሳስ ይልቅ ይረዝማል፤ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

በደማችን ውስጥ ግን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ፥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ዘበኞች አሉ። ታዲያ ይህን የሚያህል ትል ስለ ምን ይተዉታል?

በመጀመሪያ አይተዉትም። ትሉን ለመዋጥ ስለማይችሉ፥ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ተሰብስበው መርዝ ይረጩበታል። አንጀትም ንፍጥ እያመነጨ ሊገፋው ይጥራል። ትሉ ግን ዘበኞቹን በኃይል አያሸንፋቸውም፤ ያረጋጋቸዋል። በሰውነታችን ጠብ የሚያበርዱ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸውም ዘበኞቹ ተቈጥተው የገዛ ሰውነታችንን እንዳይጎዱ መከልከል ነው። ትሉ ከራሱ በሚያወጣው ፈሳሽ እነዚህን ያነሣሣል፤ ያበዛቸዋልም። ስለዚህ ልጁ ብዙ አይታመምም፥ ትሉም ተመችቶት ይበላል። የሌባ ብልሃት ነው እንጂ ዕርቅ አይደለም።

እንዲህ የተረጋጋ ዘበኛ ለሌላ ጠላትም ይዘገያል። በኢትዮጵያ ተደርጎ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2001 የታተመ ምርመራ ይህን አሳየ፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ከመወጋታቸው በፊት የትል መድኀኒት የወሰዱ ሰዎች፥ ሕዋሳታቸው ካልወሰዱት ይልቅ ነቅተው ተገኙ። በዚያው ዓመት የታተመ የጅማ ምርመራ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ። መንጠቆ ትል የሚባለው ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር ያነሰ ነበር። ዘበኞቻቸው በአቧራም ቢሆን ቶሎ ስለማይቈጡ ይሆናል። ነገር ግን መንጠቆ ትል ደም የሚመጥ ነውና፥ ስለዚህ ብሎ እርሱን የሚመኝ ሰው ጅል ነው።

በ2008 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የትል መድኀኒት የመስጠት አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። ብዙ ልጅ «እኔን ሆዴን አያመኝም» ይላል፤ ነገር ግን እንክብሉ የሚታደለው ለሚያመውም ለማያመውም ነው። እንክብሉ በአንጀት ያለውን ትል ይገድላል። በጓሮው አፈር ያለውን እንቍላል ግን አይነካም፤ እርሱም በእርጥብ አፈር ዓመታት ሊቈይ ይችላል።