እርሾ ሲባል የትኛው?

የደብረ ማርቆስ የነሐሴ ብርድ አይጣል ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት ቡሃቃቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ምድጃው ጥግ አስጠግተውታል፤ ሊጡ ሁለት ቀን አድሮም ገና አልቦካም። ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጃቸው "እማዬ፣ እርሾ እኮ ፈንገስ ነው" ብትላቸው "ኧረ ማርያምን! ፈንገስ ነው እንዴ ስመግብሽ የኖርኩት?" ብለው ተቆጧት።

ሁለቱም አልተሳሳቱም። በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየጠሩ ነው።

ልጅቷ የምትለው ይስትን ነው፤ መምህራን ወደ አማርኛ ሲመልሱት እርሾ ይሉታል። ይስት ባለ አንድ ሴል ፈንገስ ነው፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ፈንገስ ሲባል ጭርትና ሻጋታ ትዝ ስለሚለን እንደነግጣለን እንጂ ጠላውንና ጠጁን የሚያፈላውም ይኸው ወገን ነው።

እናቲቱ እርሾ የሚሉት ደግሞ ካለፈው ቡኮ ላይ ጠልሎ የተቀዳውን ቢጫማ ውሃ ነው። እሱ ውስጥ ይስት ብቻውን አይኖርም። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም አብረውት አሉ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት በዋናነት የእነሱ ሥራ ነው። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እነዚህ ባክቴሪያዎች በጤፍ ሊጥ መቡካት ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ያሳየ ነው። ስለዚህ የእናት እርሾ አንድ ፍጥረት ሳይሆን ማኅበር ነው። ከሱቅ የሚገዛው የዳቦ እርሾ ግን በአመዛኙ አንድ ዓይነት ይስት ነው፤ ሊጡን ቶሎ ኩፍ ያደርገዋል፣ የለመድነውን ጣዕም ግን አያመጣም።

እነዚህ ደቂቃን ሕይወት ስላላቸው ብርድ ያዘገያቸዋል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ይኸው እርሾ ወደ ዓባይ በረሃ ቢወርድ ሊጡን ቶሎ ያቦካዋል። ትኩሳት ሲበዛ ደግሞ ይሞታሉ። አብሲት ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ከተገነፋ በኋላ በረድ ሳይል ወደ ቡሃቃው የማይመለሰው ለዚህ ነው። እናቲቱ ይህን ከባዮሎጂ መጽሐፍ አልተማሩትም፤ አብሲቱን የሚለኩት በጣታቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ልጅቷ ጋቢውን ገልጣ ጆሮዋን ወደ ቡሃቃው አስጠጋች። ሊጡ ይንተከተክ ነበር። እናቷ ቢጫውን ውሃ በጣሳ ቀዱና ለጎረቤት አሲያዟት።