የጨለማ ክፍሉ ባለቀለም ማጣሪያዎች

«ፎቶ ማሳጠብ» የሚለው አነጋገር ዛሬም አልጠፋም፤ ስልኩን ይዞ ወደ ፎቶ ቤት የሚሄደውም ይለዋል። የመጣው ግን ከጨለማ ክፍል ነው፤ ወረቀቱ እውነትም ኬሚካልና ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይታጠብ ከነበረበት። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች አሁንም እዚያ ይሠራሉ። የማይለዩዋቸውም ስስ ባለቀለም ቁራጮች አሉ፤ የኮንትራስት ማጣሪያዎች።

ኮንትራስት በምስሉ ውስጥ ጥቁሩና ነጩ የሚራራቁበት ልክ ነው። ሲበዛ የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፣ ጥላውም ከሰል ይመስላል። ሲያንስ ሁሉም አመድ ይለብሳል። ቀድሞ ይህን ለመምረጥ የሚቀየረው ወረቀቱ ራሱ ነበር፤ ለስላሳውም (ኮንትራስቱ ያነሰው) ጠንካራውም (የበዛው) በየካርቶኑ ለብቻ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዙ ኩባንያ ኢልፎርድ መልቲግሬድ የተባለውን ወረቀት ሲያወጣ ግን አንድ ካርቶን ለሁሉም በቃ።

ምስጢሩ በወረቀቱ ቅብ ውስጥ ነው። ቅቡ ለሰማያዊ ብርሃን እኩል የሚነቁ፣ ለአረንጓዴ ግን አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ የሚነቁ ክፍሎች አሉት። ማጀንታ የሚባለው ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ ማጣሪያ አረንጓዴውን አስቀርቶ ሰማያዊውን ያሳልፋል፤ ሁሉም አብረው ስለሚነቁ ምስሉ በጥቂት የብርሃን ልዩነት ከነጭ ወደ ጥቁር ይዘላል። ቢጫው ሰማያዊውን ይይዝና አረንጓዴውን ይለቃል፤ ክፍሎቹ በየተራ ሲነቁ በነጭና በጥቁር መካከል ብዙ ግራጫ ይወጣል።

የኢልፎርድ ማጣሪያዎች ግማሽ ቁጥሮችን ጨምሮ ከ00 እስከ 5 ድረስ 12 ናቸው፤ 00 እጅግ ለስላሳው፣ 5 እጅግ ጠንካራው። እስከ 3½ ድረስ የብርሃኑ ጊዜ አይለወጥም፤ ከ4 ጀምሮ እጥፍ ይሆናል።

የፊልሙ ምስሎች ሁሉ በአንድ ወረቀት የሚታዩበት ኮንታክት ሺት ላይ የትኛው ማጣሪያ ይግባ? ባለ 36 ፊልም ስድስት ስድስት ምስል እየሆነ ይቆረጥና ወረቀት ላይ ተደርድሮ መስታወት ይጫነዋል፤ ከዚያ ብርሃን ይለቀቅበታል። ጀማሪ እዚህ ላይ ምስሎቹ እንዲያምሩ ብሎ 4 ቁጥርን ያነሳል። ስህተት ነው። ኮንታክት ሺት የሚነበብ እንጂ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም፤ ጠንካራ ማጣሪያ በጥላ ውስጥ ያለ ፊት ሲውጥ ጥሩ ምስል ሳይታይ ይጣላል። 2 ቁጥር፣ ፀሐይ በበረታበት ፊልም ደግሞ 1½ ይሻላል።

ጊዜውን የሚነግረው የፊልሙ ጠርዝ ነው። ወረቀቱ በየ3 ሴኮንዱ እየተገለጠ ይሞከራል፤ ታጥቦ ሲደርቅ በጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከዙሪያቸው ጥቁር ጋር መለየት እስኪያቅት ይታያል። መጀመሪያ የማይለዩበት ሴኮንድ ትክክለኛው ነው። ከዚያ በኋላ ነጣ ብሎ የወጣ ምስል ሲነሳ ብርሃን በዝቶበታል፣ የጠቆረው አንሶበታል፤ ወረቀቱ አይዋሽም።

ኮንታክት ሺት ለምርጫ ምን ያህል እንደሚጠቅም ፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ፍራንክ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ1955 በጀመረው የአሜሪካ ጉዞ 767 ጥቅል ፊልም አንስቷል፤ ከ27,000 በላይ ምስል ማለት ነው። ኮንታክት ሺቶቹ ላይ በቀይ እያከበበ መርጦ «አሜሪካውያን» በተባለው መጽሐፉ ያስገባው 83 ብቻ ነው።

የተመረጠው ምስል በማጉያው ሲታተም ግን ማጣሪያው በነፃነት ይሠራል። መጀመሪያ ነጩ በጊዜ ይስተካከላል፤ የነጠላው ክር መታየት እስኪጀምር። ቀጥሎ ጥቁሩ በማጣሪያ ይስተካከላል። በክረምት ደመና ሥር የተነሳ ደብዛዛ ምስል 3½ ሲገባለት ነፍስ ይዘራል፤ በቀትር ፀሐይ የተነሳው 1 ይበቃዋል። በአንድ ወረቀት ላይ መጀመሪያ በ00፣ ቀጥሎ በ5 ብርሃን የሚያፈራርቁ ባለሙያዎችም አሉ።

ጨለማ ክፍል ለመግባት ያሰበ ሰው አንድ ነገር አይርሳ፦ የማጣሪያውን ቁጥርና ሴኮንዱን በወረቀቱ ጀርባ፣ ገና ሳይነከር፣ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ።