ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማና እንዶድ፦ ከወንዝ ዳር ዕውቀት እስከ ዓለም አቀፍ ሽልማት

ሀገራችን ካፈራቻቸው የሳይንስ ሰዎች መካከል ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ከፍተኛ ሥፍራ አላቸው። ስማቸው ዘወትር ከእንዶድ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይሁን እንጂ እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ በመጀመሪያ ያወቁት እርሳቸው አይደሉም፤ ይህን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። የፕሮፌሰር አክሊሉ ታላቅነት ኅብረተሰቡ በእጁ የያዘውን ዕውቀት በሳይንሳዊ መንገድ መርምረው ለሕዝብ ጤና እንዲውል መጣራቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሥራቸውና ሥራቸው ለዛሬው ዜጋ ስላለው ፋይዳ ያብራራል።

ትውልድና የሥራ ጅማሮ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅግጅጋ ተወለዱ። በአሜሪካ ከሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በሀገራቸው በማስተማርና በምርምር ሥራ ተሰማርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ተሰይሞ ይገኛል።

ቢልሃርዚያ እንዴት ይተላለፋል?

የግኝቱን ጠቀሜታ ለመረዳት አስቀድሞ የበሽታውን አመጣጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውኃ ይገባል። በውኃው ውስጥ የተፈለፈለው ጥገኛ ተሕዋስ በአንዳንድ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች አካል ውስጥ አድጎ ይባዛል። ከዚያም ተመልሶ ወደ ውኃው በመውጣት የሚዋኙ ሕፃናትን፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶችን ወይም በመስኖ የሚሠሩ ገበሬዎችን ቆዳ ዘልቆ ይገባል። በጊዜ ያልታከመ ሕመም ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ ሂደት እንደምንረዳው ቀንድ አውጣው ከሌለ የመተላለፊያ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሆኖም ቀንድ አውጣን ለማጥፋት ይውል የነበረው ኬሚካል ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዛ በመሆኑ ለድሃ ሀገሮች የሚቻል አልነበረም።

የዓድዋው ምልከታ

ፕሮፌሰር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ስለ በሽታው ሲያጠኑ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የወንዝ ክፍል ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ከማጠቢያው በላይ ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከላይኛው ውኃ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

ይህ ቀላል ሙከራ ለረጅም ዓመታት ጥናት መነሻ ሆነ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የፍሬው ንጥረ ነገር በአሜሪካ በተደረገ የላቦራቶሪ ጥናት ተለይቶ በፕሮፌሰሩ ስም “ለማቶክሲን” ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በዓድዋ ለአምስት ዓመታት ገደማ በተካሄደው የመስክ ሙከራ በትናንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ማለቱ ተመዝግቧል። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል የተሻለ ምርትና ኃይል ያለውን “ዓይነት 44” በመምረጥ ተክሉ በእርሻ እንዲለማ መሠረት ጥለዋል።

የገጠማቸው ፈተና

ውጤቱ ይህን ያህል ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት ከሃያ ዓመታት በላይ ፈጅቷል። የደኅንነት ምርመራው ከፍተኛ ገንዘብና በውጭ ያሉ የተራቀቁ ላቦራቶሪዎችን የሚጠይቅ ነበር። ከዚህም በላይ በአፍሪካ ምድር፣ በአፍሪካውያን ተመራማሪዎች የተገኘ ውጤት በቀላሉ አመኔታ እንደማይሰጠው ፕሮፌሰር አክሊሉ በግልጽ ይናገሩ ነበር። መፍትሔው የሀገርን የምርምር አቅም መገንባት እንደሆነም ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ጋር በጋራ “አማራጭ የኖቤል ሽልማት” በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም በኃላፊነት ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የዕውቀቱ ባለቤት ማን ነው?

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሩ በተሳተፉበት ምርምር እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን “ዜብራ መስል” የተባለ ባለዛጎል እንስሳን እንደሚገድል በማረጋገጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ይህም የዕውቀቱ ምንጭ የሆነው ኅብረተሰብ ድርሻ ምን ሊሆን ይገባል የሚለውን ጥያቄ አስነሥቷል።

ዛሬ ጉዳዩ በሀገራችን በሕግ የተደነገገ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን እንዲሁም የማኅበረሰብ መብቶችን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት፦

• የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለምርምር ወይም ለንግድ መጠቀም የሚፈልግ አካል አስቀድሞ የማኅበረሰቡን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል፤
• ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም የመካፈል መብት አለው፤
• ማኅበረሰቦች በልማድ ተክሎችንና ዕውቀታቸውን መጠቀማቸውንና እርስ በርስ መለዋወጣቸውን ሕጉ አይከለክልም።

በመሆኑም ስለ አካባቢው መድኃኒትነት ያላቸው ተክሎች መረጃ ወይም ናሙና የተጠየቀ ማንኛውም ዜጋ ጠያቂው የጽሑፍ ፈቃድ ያለው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይመከራል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ለጤናዎ ማስታወሻ

ቢልሃርዚያ ዛሬም በአንዳንድ አካባቢዎች ይገኛል። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ወይም ሽንት፣ ወይም የማይተው የሆድ ሕመም ያለበት ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል፤ በሽታው በመድኃኒት ይድናል። መጸዳጃ ቤት መጠቀምና ሕፃናት በተበከለ ውኃ እንዳይዋኙ መጠበቅ ዋነኛ መከላከያዎች ናቸው። እንዶድን መጠጣት ለሕይወት አደገኛ ነው። ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ወንዝ ወይም ኩሬ መጨመር አይገባም። ፕሮፌሰር አክሊሉ እንዶድን ለበሽታ መከላከያ ያጩት ዓመታት የፈጀ ምርመራ አድርገው ነው፤ እኛም በባህላዊ ዕውቀታችን በጥንቃቄና በጥናት ላይ ተመሥርተን እንድንጠቀም የሕይወት ታሪካቸው ያስተምረናል።